የተንቀሳቀሰው

የካቲት ነው፤ ዊኒፔግ ላይ ምራቅ መሬት ሳይደርስ ይጠጥራል፤
ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ግን የማሞቂያው ቱቦ ያጉረመርማል።
ረጅም ጠረጴዛ፣ የጫማ ካርቶን፣ የብስኩት ቆርቆሮ፣
ከየሰዉ አልጋ ሥር ተጎትቶ የወጣ ኑሮ።
የእኔ ሥራ ቀላል ነው፦ ነጭ የጨርቅ ጓንት አጥልቄ
ከፎቶው ጀርባ ስም እጽፋለሁ፣ በለስላሳ እርሳስ፣ ተጠንቅቄ።
«እስክሪብቶ ያሰርጋል፣ ፊት ያበላሻል» ብለው አስጠንቅቀውኛል፤
ከጀርባ የተጻፈ ስም ፊት እንደሚያጠፋማ፣ ቀድሞም ገብቶኛል።

ዛሬ የሚዞረው የጎርፉ ነው፤ በነሱ አቆጣጠር ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ፣
ቀዩ ወንዝ ዳርቻውን ጥሶ ወደ ከተማው ሲነሣ።
አሥራ አራት ሰው ተሰልፏል፣ የአሸዋ ከረጢት እየተቀባበለ፤
ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ፣ ያው ሰልፍ ዛሬም ቀጠለ።
«ይኼ ዳቦ ጋጋሪው ነው።» «የለም፣ ወንድሙ ነው፤ ጋጋሪውማ ያነክሳል።»
«ቆሞ የተነሣ ሰው ማነከሱ በምን ይታወቃል?»
ወይዘሮ ፍሬዳ ሲልበርማን መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ
ፎቶውን እስከ አፍንጫዋ አስጠጋችው፣ ልትስመው መስላ፤
«ይቺ እናቴ ናት» አለች፤ «የአባቴን ቦቲ ተጫምታ፤
ከረጢቱን ያስደገፈችው እኔ ላይ ነው፣ የስድስት ወር ሆዷን ገፍታ።»

ጻፍኩ። አሥራ ሦስት ስም ሆነ። ጥጉ ላይ ግን ጢስ የመሰለ፣
እግር ያለው፣ ፊት የሌለው፣ ከሰልፉ ጫፍ የተነጠለ።
«እሱ ተበላሽቶ ነው፤ እለፈው» አለኝ አንድ ሰው፤
እርሳሴ «ያልታወቀ» ሊል ሲል፣ ከበሩ በኩል ድምፅ አቆመው።

ዋልተር ኮስቲዩክ፣ ካፖርቱን ያላወለቀ፣ ዐይኑ ከብርድ ያነባ፣
ብስኩት ፍለጋ ነው ይሉታል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚገባ፤
«እሱ እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ፎቶ አንሺው ‹አትንቀሳቀሱ› አለ፤
ውሻችንን ግን ውኃው ወስዶት፣ በበር ሳንቃ ላይ እየዋለለ፣
ዞርኩ። ያኔ ነው የተነሣው። ካሜራው ሳይዘኝ ቀረ፤
አባቴ እስኪሞት ድረስ ‹አንዲቷን ፎቶ አበላሸሃት› እያለኝ ኖረ።»

ማንም አልሳቀም። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ከአሥራ አራቱ ሰው
ዛሬ በእግሩ ደረጃ የወረደ፣ ያ የተንቀሳቀሰው።
«ውሻውስ?» አልኩት። ብስኩቱን ሻይ ውስጥ ነከረ፤
«አላስታውስም» አለ፤ እርጥቡ ብስኩት ኩባያው ውስጥ ተሰበረ።

እኔም አለችኝ አንዲት፣ ከአውቶቡስ ካርዴ ኋላ፣
የአባትና እናቴ ሠርግ፣ የተነሣች ድሮ፣ አሰላ።
ሁሉም ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ዐይን አልተርገበገበም፤
ከቀኙ ጫፍ ግን ፎቶዋ አራት ማዕዘን አይደለችም።
ፍተሻ መጣ በተባለ ሌሊት፣ እናቴ መብራት ሳታበራ
ከሙሽሮች ጎን አጎቴን ቆርጣ ጣለችው፣ እጇ እየፈራ።
ምድጃው በላው። ከዚያ ወዲህ፣ ስሙ በቤታችን አልተጠራ።
ቸኩላ ይሁን ራርታ፣ እንጃ፣ አንድ ነገር ሳተች፤
አንዲት እጅ በአባቴ ትከሻ ላይ፣ እንደ ማዕረግ ተለጥፋ ቀረች።

ዋልተር ተንቀሳቅሶ ደበዘዘ፤ እሱ ቀጥ ብሎ ተቆረጠ፤
የቱ ይሻላል አልልም፤ ፎቶ ለሁለቱም ፊት አልሰጠ።

ጓንቴን አወለቅሁ። ፎቶዋን ጠረጴዛው ላይ አኖርኳት፤
ለወይዘሮ ፍሬዳ በሁለት ጣቴ ገፋ አድርጌ አሳለፍኳት።
ሙሽራዋን አላየችም። ቬሎውን፣ የአባቴን ጢም አለፈች፤
ጥፍሯን ከዚያች እጅ ሥር አሳርፋ፣ «የማን ናት?» ብላ ጠየቀች።

«መርዕድ» አልኩ። «ሜራይድ?» አለ ዋልተር፣ ከንፈሩ ላይ ፍርፋሪ እያለ፤
«መርዕድ» አልኩ ደግሜ፤ ሁለተኛው ከፊተኛው ቀለለ።
ገለበጥኳት። በፊደላችን ነው የጻፍኩት፣ በዚያው ለስላሳ እርሳስ፣
ወደ ፊት እንዳያልፍ ፈርቼ፣ ያቺን ትከሻ፣ ያንን ልብስ።
አራት ፊደል ነው። ሦስተኛው ላይ እጄ ዘገየ፤
ዐይኑ «ዕ» ነው፤ ክቡን ስገጥም፣ ከወረቀቱ ጀርባ
ያ ሰው ዞረና አየ።